ከመቆፈር በፊት መለካት፦ የመሬት ውስጥ ሙቀት ልውውጥ በምርት ማከማቻ፣ በዶሮ ቤትና በችግኝ ጣቢያ

መግቢያ

የውኃ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው፣ ዋሻ ውስጥ ያደረ እረኛ ወይም ከጉድጓድ እህል ያወጣ ገበሬ እንደሚያውቀው፣ ከመሬት በታች ያለው ሙቀት ቀን ከሌሊት ብዙም አይለዋወጥም። ፀሐይ ሲበረታ ጉድጓዱ ይቀዘቅዛል፤ ውርጭ ሲመጣ ደግሞ ይሞቃል። ከዚህ ልምድ በመነሣት በመሬት ውስጥ ቱቦ ቀብሮ አየር በማሳለፍ የምርት ማከማቻን ያለ ማቀዝቀዣ መሣሪያ ማቀዝቀዝ ይቻላል የሚል ሐሳብ በልማት ጣቢያ ሠራተኞችና በኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘንድ ይነሣል። ሐሳቡ በመሠረቱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ጉድጓዱ “ቀዝቃዛ” የሚባለው ከምን ጋር ሲነጻጸር እንደሆነ ሳይጠየቅ ከተቆፈረ ጉልበትም፣ ገንዘብም፣ ምርትም ያስጠፋል። ይህን የምንለው ከመጽሐፍ ብቻ አንብበን አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ራሱ አስቆፍሮ፣ ምርት ሲበላሽ አይቶ የተማረው ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። “የከርሰ ምድር ሙቀት” ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በስምጥ ሸለቆ የሚፈላውን ውኃና የሚጨሰውን እንፋሎት ነው። በአሉቶ ላንጋኖ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት ተገኝቷል። በኬንያም ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ኦሴሪያን የተባለው የአበባ እርሻ ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ በሚያገኘው ሙቀት 50 ሄክታር ያህል የጽጌረዳ ቤት በሌሊት ያሞቅ ነበር። ዓላማውም ብርዱን ማስወገድ ብቻ ሳይሆን የአየሩን እርጥበት ቀንሶ የሻጋታ በሽታን መከላከል ነበር። እኛ ግን እዚህ የምንናገረው ስለዚህ አይደለም። ከምድር ሆድ የሚመጣው ሙቀት በአብዛኛው ቦታ በየ30 እና 40 ሜትሩ ጥልቀት አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚጨምር፣ በአካፋና በዶማ በሚደረስበት ጥልቀት ላይ ይህ ነው የሚባል ድርሻ የለውም። በላይኛው ሁለትና ሦስት ሜትር ውስጥ ያለው ሙቀት ከላይ፣ ማለትም ከፀሐይና ከአየር የመጣ ነው። መሬቱ ሙቀትን እንደ ጎተራ ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ ቆይቶም ይመልሳል። ያልገባበትን ብርድ ግን ከራሱ አያመነጭም።

የአፈር ሙቀት ጠባይ

ፀሐይ የአፈሩን ገጽ ስታሞቅ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል፤ በወረደ መጠንም እየደከመና እየዘገየ ይሄዳል። በመካከለኛ እርጥበት ባለው ተራ የእርሻ አፈር ላይ ስሌቱ እንደሚከተለው ነው። በራቁት መሬት ገጽ ላይ በቀንና በሌሊት መካከል የ30 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር፣ በ12 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ልዩነቱ ወደ 11 ዲግሪ ይወርዳል። በ35 ሳንቲ ሜትር ላይ 1.5 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ከ60 ሳንቲ ሜትር በታች ደግሞ በተራ መለኪያ የሚታይ አይደለም። መዘግየቱም የሚያስገርም ነው። ገጹ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ እጅግ ቢሞቅ፣ 35 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው አፈር የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት የሚያገኘው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ላይ ያለው ሰው ብርድ ልብስ በደረበበት ሰዓት ነው።

የዓመቱ ወራት ለውጥም በዚሁ ሕግ ይመራል፤ ነገር ግን ዑደቱ ረጅም ስለሆነ ጠልቆ ይገባል። እዚህ ላይ ነው የአገራችንና የውጭ አገር መጻሕፍት ምክር የሚለያየው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በብዙ ቦታ የቀዝቃዛው ወርና የሙቁ ወር አማካይ ሙቀት በ25 ዲግሪ ሊለያይ ይችላል። ይህ ልዩነት በ1 ሜትር ጥልቀት ላይ ገና 16 ዲግሪ ያህል ነው፤ በ3 ሜትር ላይ ግን ወደ 6 ወይም 7 ዲግሪ ይወርዳል። ስለሆነም መጻሕፍቱ “ሦስት ሜትር ቆፍሩ” ቢሉ ትክክል ናቸው። በኢትዮጵያ ደጋ ግን የወራቱ አማካይ ሙቀት ልዩነት ከ4 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ይህ ልዩነት በ1 ሜትር ላይ 2.6 ዲግሪ፣ በ3 ሜትር ላይ 1 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ከአማካዩ ወዲህና ወዲያ የሚወዛወዘውን ብንወስድ፣ ሁለት ሜትር አለት ፈንቅለን በመቆፈር የምናተርፈው ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነው። እዚህ አገር ልንሸሸው የሚገባን የቀንና የሌሊት ልዩነትን ነው፤ ለዚህም ከ1 ሜትር እስከ 1.5 ሜትር ይበቃል።

በዚህ ጥልቀት የሚገኘው ሙቀት ስንት ነው? የቦታው የዓመት አማካይ የአየር ሙቀት ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ዲግሪ ቢጨመርበት ከእውነቱ አይርቅም። ጭማሪው በራቁትና ፀሐይ በሚያገኘው መሬት ላይ ከፍ ይላል፤ በሣር ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ዝቅ ይላል። አማካዩም በየ100 ሜትር ከፍታ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በዚህ መሠረት በሆለታ (2,400 ሜትር ገደማ) የሚቆፍር ሰው 15 ወይም 16 ዲግሪ ሲጠብቅ፣ በመልካሳ (1,550 ሜትር) የሚቆፍር 22 እስከ 24 ይጠብቅ። ከዚህ በታች የሚወርድ ብርድ በአካፋ አይገኝም።

የአፈሩ ዓይነትም ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1837 የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው ጄምስ ፎርብስ እስከ 24 የፈረንሳይ ጫማ የሚደርሱ ረጃጅም ቴርሞሜትሮችን በሦስት ቦታ፣ አንዱን በጥቁር አለት፣ አንዱን በአሸዋ፣ ሦስተኛውን በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ቀብሮ ለዓመታት አስነበበ። ከተማው አንድ፣ ሰማዩም አንድ ሆኖ ሳለ ሙቀቱ በሦስቱ ቦታ የሚወርድበት ፍጥነት የተለያየ ሆኖ ተገኘ። ለኛ ሥራ ዋናው ቁም ነገር እርጥበት ነው። እርጥብ አፈር ከደረቁ ሦስት አራት እጥፍ ያህል ሙቀት ያስተላልፋል። በደረቅ ፍርስራሽና ባልተጠቀጠቀ አፈር የተከደነ ቱቦ በገለባ እንደተጠቀለለ ይቆጠራል። ጥቁሩ የመረሬ አፈር እርጥበት በመያዝ ጥሩ ቢሆንም በበጋ ስለሚሰነጠቅ ከቱቦው ይለያል፤ በክረምትም ሲያብጥ የቱቦ መጋጠሚያ ያላቅቃል። ቀይ አፈር ለሥራው የተሻለ ይመቻል።

ስለ አንድ የድንች ማከማቻ

በ2009 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ደጋ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የምግብ ድንቹን ከጥቅምት እስከ ጥር አቆይቶ ዋጋ ሲወጣ ለመሸጥ አስቦ ምክር ጠየቀን። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ብዙ አልቆየሁም ነበር። ከመሬት ሁለት ሜትር ዝቅ ያለ ማከማቻ እንዲቆፈር፣ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት የፕላስቲክ ቱቦዎችም በአንድ ቦይ ውስጥ እንዲቀበሩ መከርኩ። በጣሪያው ላይ የአየር መውጫ ተሠራ። ማራገቢያ አልነበረውም፤ መንደሩ መብራት አልገባለትም ነበርና። ስድሳ ኩንታል ድንች ገባበት። በታኅሣሥ ሲከፈት ብዙው አጎንቁሏል፤ ከታች ያለው ረድፍ በስብሶ ውኃ አውጥቷል። ሲሦ ያህሉ ተጣለ፤ የቀረውም በርካሽ ተሸጠ።

በሩ ላይ ቆመን ሳለ ከማኅበሩ አባላት አንድ ሽማግሌ፣ “የኔ ልጅ፣ መሬት ቀዝቃዛ ናት ብለህ አስቆፈርከን። እኛን የሚያንገበግበን ብርድ ግን ሌሊት ከላይ ነው የሚመጣው፤ ከታች መጥቶ አያውቅም” አሉኝ። ያን ጊዜ የምመልሰው አልነበረኝም። ቴርሞሜትር ይዤ የተመለስኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ይህም ቅደም ተከተሉ መገልበጡን ያሳያል።

ስንለካ የተገኘው የሚከተለው ነው። በቱቦው ጥልቀት ላይ ያለው አፈር 15 ዲግሪ ገደማ ነበር። በኅዳር ወር በዚያ አካባቢ የቀኑ አየር ወደ 20 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሌሊት ግን ከ5 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ውርጭም ይጥላል። እንግዲህ ቀን ቀን ቱቦው አየሩን ከ20 ወደ 16 ሊያወርድ ይችል ነበር። ነገር ግን ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ በጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ በጣሪያው መውጫ የሚስበው ኃይል ስለሌለ በቱቦው በኩል አዲስ አየር አይገባም። ማከማቻው በቀን አይተነፍስም ማለት ነው። ሌሊት ደግሞ በውስጥ ያለው አየር ከውጪው ስለሚሞቅ በመውጫው ይወጣል፤ በምትኩም በቱቦው አየር ይገባል። የሚገባው የውጪ አየር 4 ዲግሪ ሆኖ ሳለ በ15 ዲግሪ አፈር ውስጥ ሲያልፍ ወደ 12 እና 13 ዲግሪ ይሞቃል። ባጭሩ ለማቀዝቀዝ የቀበርነው ቱቦ ቀን ሥራ ፈትቶ ይውላል፤ ሌሊት ደግሞ እግዚአብሔር በነጻ የላከውን ብርድ እያሞቀ ለድንቹ ያቀብላል።

በዚህ ላይ የድንቹ የራሱ ሙቀት አለ። ድንች ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስም ይሞቃል። በ15 ዲግሪ ላይ አንድ ቶን ድንች ከ20 እስከ 35 ዋት ይሰጣል። ስለዚህ ስድሳ ኩንታል ከ120 እስከ 210 ዋት፣ ማለትም እንደ ሁለትና ሦስት ባለ 60 ዋት አምፖል፣ ቀንና ሌሊት ይሞቅ ነበር። ይህን ሙቀት በአየር ለማውጣት ስንት አየር ይፈልጋል? በደጋ አየሩ ስስ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ስለሚመዝን የሚሸከመው ሙቀትም በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በሩብ ገደማ ያንሳል። የሚገባው አየር ከማከማቻው በ5 ዲግሪ የቀዘቀዘ ቢሆን፣ 200 ዋት ለማውጣት በሰዓት 160 ሜትር ኩብ ገደማ ያስፈልጋል። ልዩነቱ 1 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ደግሞ አምስት እጥፍ፣ ማለትም 800 ሜትር ኩብ ይሆናል። በሁለት ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ቱቦዎች ያለ ማራገቢያ ይህን ያህል አየር ማሳለፍ የማይሆን ነገር ነው። ይህን ስሌት በአንድ ወረቀት ላይ ቀድሜ ብሠራው ኖሮ ሃያ ኩንታል ድንች ባልተጣለ ነበር።

ማከማቻው አልተደፈነም። በሚቀጥለው ዓመት ቱቦዎቹ ተዘጉ። በግድግዳው ሥር፣ ከድንቹ መደብ በታች፣ አየር በቀጥታ ከውጪ የሚገባባቸው አራት ሰፋፊ መስኮቶች ወጡ፤ የጣሪያው መውጫም ሰፋ። መደቡ ከመሬት ከፍ ብሎ በየመካከሉ ክፍተት ባለው እንጨት ተረበረበ። ምሽት 3 ሰዓት ገደማ መስኮቱ ይከፈታል፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ይውላል። መሬቱ እዚህ ላይ ዋጋ አለው፤ ወፍራሙ የአፈር ግድግዳ ሌሊት የገባውን ቅዝቃዜ ይዞ ይውላል። በዚህ ዘዴ በደጋ የበጋ ወራት ማከማቻውን ከ8 እስከ 10 ዲግሪ አካባቢ ማድረስ ይቻላል፤ የምግብ ድንች የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። የድንች እሳት ራትም ከ10 ዲግሪ በታች መራባቷ በእጅጉ ይገታል። ብርቱ ውርጭ ባለበት ሌሊት ግን መስኮቱ በከፊል መዘጋት አለበት። ድንች ከ4 ዲግሪ በታች ከቆየ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጥና ጣዕሙ ይበላሻል፤ ከዜሮ ጥቂት ዝቅ ሲል ደግሞ በርዶ ይሞታል።

የዘር ድንች ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። ጉደኔም ሆነ በለጠ፣ የዘር ድንች በጨለማ ጉድጓድ ቢቀመጥ ጉንቁሉ ነጭ፣ ረጅምና ተሰባሪ ይሆናል። ጉንቁሉ አጭር፣ አረንጓዴና ጠንካራ እንዲሆን ቀጥተኛ ፀሐይ የማይነካው የብትን ብርሃን ማከማቻ ያስፈልገዋል። የምግብ ድንች ግን ብርሃን ካገኘ አረንጓዴ ይሆናል፤ መርዛማም ነው። ሁለቱን በአንድ ቤት ማከማቸት አይገባም።

ቱቦው የሚሠራበት ቦታ

ከላይ የተባለው በመሬት ውስጥ የሚቀበር ቱቦን ዋጋ ቢስ አያደርገውም። ዋጋ የሚኖረው ግን ውጪ ያለው አየር ከአፈሩ በብዙ ዲግሪ በሚለይበትና አየር በሚፈለግበት በዚያው ሰዓት ነው።

አንደኛው በወይና ደጋና በቆላ ያለ የዶሮ ቤት ነው። በመልካሳ አካባቢ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ አፈሩ 23 ወይም 24 ላይ ይገኛል። ዶሮ ደግሞ የሚጨነቀው በዚያው በቀትር ሰዓት ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሜትር ርዝመት ባለው ቱቦ ውስጥ አየር በሰከንድ 2 ሜትር ፍጥነት ቢነዳ፣ በእርጥብና በተጠቀጠቀ አፈር ውስጥ ከልዩነቱ ሦስት አራተኛ ያህሉን ይጥላል። በ32 ዲግሪ የገባው አየር በ26 ዲግሪ ገደማ ይወጣል ማለት ነው። አንድ እንዲህ ያለ ቱቦ በሰዓት 225 ሜትር ኩብ ያህል ያሳልፋል። በሙቅ ጊዜ ለአንድ ኪሎ የዶሮ ክብደት በሰዓት 4 ሜትር ኩብ አየር ቢታሰብ፣ እያንዳንዳቸው 1.8 ኪሎ ለሚመዝኑ አንድ መቶ እንቁላል ጣዮች ሦስት ቱቦ ይፈልጋል። ሦስቱም በአንድ ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን መተኛት የለባቸውም፤ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራራቁ። ምክንያቱም በቱቦው ዙሪያ ያለው አፈር ራሱ ይሞቃል። 200 ዋት ሙቀት ሳያቋርጥ ወደ አፈር ቢገባ በአንድ ቀን ስምንትና ዘጠኝ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር በአንድ ዲግሪ ያሞቃል። በሬም ቢሆን ቀኑን ሙሉ አርሶ ሌሊት እንደሚያርፈው ሁሉ፣ ቱቦውም ሌሊት ቀዝቃዛ አየር እየተነዳበት አፈሩ እንዲያገግም ማድረግ ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ከመደረጉ በፊት የዶሮ ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ በሣር መከደኑና በምዕራብ በኩል ዛፍ መተከሉ ይረጋገጥ። በራቁት ቆርቆሮ ሥር ለሚኖር ዶሮ ቱቦ መቅበር፣ ቀዳዳ እንስራ በውኃ ለመሙላት እንደ መድከም ነው።

ሁለተኛው የደጋ የችግኝ ቤት ነው። ድንቹን ለማቀዝቀዝ ያልቻለው ያው የ15 ዲግሪ አፈር፣ ውጪው ዜሮ ወይም ከዚያ በታች በሚወርድበት የኅዳር ሌሊት የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝን ከውርጭ ሊያድን ይችላል። በላስቲክ የተሸፈነ ቤት ውስጥ ያለው አየር ራሱ በቱቦው ውስጥ እየዞረ ተመልሶ ቢገባ፣ ቀን የላስቲኩ ትርፍ ሙቀት ወደ አፈሩ ይገባል፤ ሌሊት ደግሞ ይመለሳል። ይህ ለማራገቢያ የሚሆን ጥቂት ኃይል ይፈልጋል፤ አነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳ ከባትሪ ጋር ሊበቃው ይችላል። ጫጩትን ግን መሬት ብቻውን አያሞቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ስለሚፈልግ ቱቦው የሚረዳው ለመተንፈሻ የሚገባውን አየር በማለዘብ፣ ከሰልና ነጭ ጋዝ በመቆጠብ ነው።

በሀብታም አገሮች ከአፈር የሚገኘውን ዝቅተኛ ሙቀት በኤሌክትሪክ በሚሠራ መሣሪያ ከፍ አድርገው ቤት ያሞቃሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ሃይንሪኽ ዞሊ የተባለ መሐንዲስ በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1912 የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። ለአነስተኛ ገበሬ በዋጋው ምክንያት ለጊዜው አይመከርም።

ቱቦ ሲቀበር ወደ አንድ ወገን በየ10 ሜትሩ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ያዘቅዝቅ፤ በዝቅተኛው ጫፍ ውኃ መውጫ ይሠራለት። እርጥብ አየር በቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ያልበዋል፤ ውኃው ከተኛ ይሻግታል፤ ሽታውና ሻጋታው ወደ ቤቱ ይገባል። መግቢያው አይጥና እባብ በማያሳልፍ ወንፊት ይሸፈን።

አለካክ

ለመቆፈር ከመወሰን በፊት ቢያንስ ሥራው የሚፈለግባቸው ወራት፣ ቢቻል አንድ ሙሉ ዓመት መለካት ያስፈልጋል። ወጪው ከአንድ ኩንታል ድንች ዋጋ ብዙ አይበልጥም። ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች ታችኛው ጫፋቸው ተደፍኖ በ30፣ በ100 እና በ150 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበሩ፤ ዙሪያቸው በደንብ ይጠቅጠቅ፤ አፋቸው ዝናብ እንዳይገባ በክዳን ይዘጋ። በየቱቦው ውስጥ ተራ ቴርሞሜትር በሲባጎ ተንጠልጥሎ ይውረድ። የቴርሞሜትሩ ጉልላት ቀድሞ በቀለጠ ሻማ ውስጥ ተነክሮ በወፍራሙ መሸፈን አለበት። ይህ ካልተደረገ ከጉድጓዱ ወጥቶ እስኪነበብ ድረስ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ሰው የሚያነበው የአፈሩን ሳይሆን የአየሩን ሙቀት ይሆናል። ቴርሞሜትሮቹ ሁሉ አስቀድመው በአንድ ባልዲ ውኃ ውስጥ አብረው ተነክረው ይመሳከሩ፤ የሚሳሳተው ስንት እንደሚሳሳት ይመዝገብ።

የ100 እና የ150 ሳንቲ ሜትሩ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቢነበብ ይበቃል። የ30ው በወር አንድ ቀን በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ ይነበብ። ከዚህ ጎን ለጎን የቀኑን ከፍተኛና የሌሊቱን ዝቅተኛ የአየር ሙቀት በጥላ ሥር መመዝገብ አይዘንጋ። የኛ ስሕተት የነበረው እዚሁ ላይ ነው፤ መሬቱን ለማወቅ ጓጉተን የሌሊቱን አየር ዘነጋነው። የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት በሚፈለገው ወር ከ1 ሜትሩ አፈር ከ5 ዲግሪ በላይ የሚያንስ ከሆነ ለማቀዝቀዣ መስኮት ይሠራ፤ ቱቦ አይቀበር። ምርቱ ሽንኩርት ከሆነ ደግሞ ወደ ጉድጓድ ጨርሶ አይታሰብ። ሽንኩርት ይበልጥ የሚያጎነቁለው ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ ማለትም በትክክል የደጋና የወይና ደጋ አፈር በሚሰጠው ላይ ነው። በ25 እና 30 ዲግሪ ነፋስ በሚያገኝ ደረቅ ቆጥ ላይ የተሻለ ይቆያል።

ስለ ጉድጓድ አደጋ

በሐረርጌ ማሽላ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ በሆነ ጉድጓድ ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው። እህሉ በመተንፈሱ በጉድጓዱ ያለው ኦክስጅን ይመናመናል፤ ነቀዝም ይታፈናል። ገበሬው ለዘር የሚሆነውን ለይቶ በላይ የሚያስቀምጠው፣ በጉድጓድ ሙቀትና እርጥበት የቆየ እህል የመብቀል ኃይሉ እንደሚደክም ስለሚያውቅ ነው። ነቀዝን የሚገድለው አየር ሰውንም ይገድላል። ድንች የተከማቸበት፣ ተዘግቶ የቆየ የመሬት ውስጥ ቤትም እንዲሁ ነው። የተቃጠለ አየር ከባድ ስለሆነ ከታች ይተኛል፤ ሽታም የለውም።

ስለዚህ ተዘግቶ የቆየ ጉድጓድ ወይም ማከማቻ ተከፍቶ ለብዙ ሰዓት መናፈስ አለበት። መብራት አውርዶ አለመጥፋቱን ማየት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የሚገባው ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰር፤ ሁለት ሰዎች ከላይ ገመዱን ይዘው ይቁሙ። የገባው ሰው መልስ መስጠት ካቆመ በገመዱ ይጎተት። ከላይ ያለ ሰው ለማዳን ብሎ ተከትሎ አይግባ።